በባዶ ሆድ

በመስታወት በተከለለ ክፍል
አንድ ተዋናይ ነበር፣ ሚኪ የሚባል፤
በሰዓት ይከፈለዋል።
ሰኞ ሰኞ ስምንት ጊዜ ይታመማል፣
ስምንት ጊዜ ይነገረዋል፣
ስምንት ጊዜ ያለቅሳል፤
በመሐሉ ሲጋራ ሊያጨስ ይወጣል።

«ወንበርሽን ሳቢ፤ አትቁሚ ከፊቱ፤
ስልክሽን ዝጊ» ይላል ትምህርቱ፤
«አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ምን ያህል እንደሚያውቅ፤
ከዚያ ቃሉን ንገሪ፣ በግልጽ፣ ሳይደበቅ።
ከዚያ ዝም።
እስከ ዐሥር ቁጠሪ፣ የዘላለም ያህል ቢረዝም።»

ቆጠርሁ።
ከመቶ ዘጠና ሁለት አገኘሁ።
መምህርቷ ኖጋ ከግርጌው ጻፈች፣ «ርኅራኄሽ በቂ።
ሶፍቱን ግን ቀድመሽ አታቀብዪ፤ እንባውን ጠብቂ።»

*

ቤርሳቤህ፤ የመሐላው ጕድጓድ አገር።
ዓርብ ጧት። መስኮቱን የኔጌቭ አቧራ ሲመረምር።
አምስተኛ ፎቅ፣ አልጋ ሃያ ስድስት፣ አባ ቢያድጌ።
ግሪሻ፣ የበላዬ ሐኪም፣ ፋይሉን ጣል አደረገ ከእጄ፤
«አስተርጓሚዋ ታማለች። ቋንቋቸውን ታውቂ የለ?»
አለኝና ወደ ድንገተኛ ክፍል ወረደ፣ ኮበለለ።

አውቃለሁ?
የኔ አማርኛ እኮ የቤት ነው፤ «ብዪ»፣ «ብርድ ነው፣ ደርቢ»፣
«እንግዳ መጣ፣ ተነሺ፣ ግቢ»።
ከደረጃው ላይ ለእናቴ ደወልሁ።
«እማ፣ ፓንክሪያስ በኛ ማን ይባላል?» አልሁ፤
«ከጨጓራ ኋላ ያለው፣ ረዘም ብሎ የተጋደመው?»
«ቆሽት ነዋ! ምነው?»

ቆሽት!
በሒሳብ ውጤቴ፣ በተቆረጠው ጸጉሬ፣ አምሽቼ በገባሁ ሌሊት
ስንቴ «አሳረርሽው» ያለችኝ፤ እሱ ነው ለካ፣ እሱ ራሱ ቆሽት።

ዕብራይስጥ አንድ ቃል አለው፣ «ብሶራ» ይለዋል፤
ክፉውም፣ ደጉም በዚያው በር ይገባል።
አማርኛ ግን ለይቷል፤ ብሥራት ለደስታ፣
መርዶ ደግሞ ለጎሕ፣ ለተዘጋ ደጅ፣ ለዝግታ።

*

ወንበሬን ሳብሁ። ስልኬን ዘጋሁ።
«አባ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ያውቃሉ?» አልሁ።
አዩኝ። ትንሽ ቆዩ።
«ቁርስ በልተሻል ወይ?»
«አልበላሁም።»
«እንግዲያ ቆዪ። በባዶ ሆድ መርዶ አይሰማም፤
አይነገርምም።»

ከትሪያቸው እርጎ አንሥተው ክዳኑን ላጡልኝ፣
ማንኪያውን በአንሶላቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡኝ።
«በአርማጭሆም፣ በቂርያት ጋትም መርዶ ነጋሪው እኔ ነበርሁ፤
ጎሕ ሳይቀድ ሠላሳ አንድ ደጅ አንኳኩቻለሁ፤
አንድም ቀን ግን ብቻዬን አልሄድሁ።
ሦስት ሆነን ከደጅ ስንቆም፣ ሰው ፊታችንን ሲያይ ያውቀዋል፤
ቃሉ ለወግ ነው እንጂ ነገሩ ቀድሞን ገብቷል።
አንቺን ብቻሽን ላኩሽ? ምን ጉድ ነው?»

እርጎው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
ሶፍቱን ያቀበሉኝ እሳቸው ናቸው፤
እንባዬን ጠብቀው።

ከዚያ ነገርኋቸው፤ ከቆሽት ተነሥቶ ጉበት እንደ ደረሰ፣
ቢላዋ እንደማያወጣው፣ ቀኑ እንዳነሰ።
«ቆሽቴ?» ሣቁ፤ ሣቁ አሳላቸው።
«ስድስት ልጅ እያሳረረው! እስካሁን መቆየቱ ነው የሚደንቀው።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ቆጠርሁ። ዐሥርን አለፍሁ፤
መቶ ሃያ ላይ ቁጥሩ ጠፋኝ፤ ተውሁ።

«ዛሬ ዓርብ ነው» አሉ፣ «ለያልጋነሽ አይነገር፤ ሰንበት አይሻር።
እሑድ በጧት ትመጣለች፤ ሦስት ሆናችሁ ጠብቋት ከበር።»

*

እሑድ። ገና ሳይነጋ ግሪሻን ከመኪና ማቆሚያው ያዝሁት፣
ነርሷን ሱሃድን ፈረቃዋን ጨርሳ ስትወጣ አስቀረኋት።
«ለምን ሦስት?» አለ ግሪሻ፣ እያዛጋ፣ ጋዋኑን እየቆለፈ።
«ወግ ነው» አልሁት። ከቦርሳዬ አራት ዳቦ አወጣሁ፤
ሦስቱን ለእኛ፣ አንዱን ወደ ኪሴ መለስሁ።
የመጀመሪያው አውቶቡስ ከታች ሲቆም ሰማሁ።